ትንፋሽና ወገብን አንድ ላይ መጥመድ፦ ዮጋ ለሚጀምር የጎጃም ሰው

«ዮጋ» የሳንስክሪት፣ ማለትም የጥንታዊ ሕንድ ቋንቋ ቃል ነው። የወጣበት ሥር «ዩጅ» ሲሆን ትርጉሙ መጥመድ፣ ማጣመር ነው፤ ሁለት በሬ በአንድ ቀንበር እንደሚጠመደው። እዚህ የሚጠመዱት እንቅስቃሴና ትንፋሽ ናቸው። እርፍ ጨብጦ የሚያውቅ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። አንዱ በሬ ሲቀድም ሌላው ሲጎተት ትልሙ ይጣመማል፣ የአራሹም ትከሻ ይዝላል። ዮጋ ጀምረው ወገባቸውን አሳምመው የሚተዉ ሰዎች ስህተት በአብዛኛው ይኸው ነው፤ ሰውነታቸው ይቀድማል፣ ትንፋሻቸው ይጎተታል። ስለዚህ ከዚህ በታች ለሚነገረው ሁሉ መለኪያው አንድ ነው። ትንፋሻችሁ ከታፈነ፣ ከተቆራረጠ ወይም ከተጣደፈ እንቅስቃሴው ከልኩ አልፏል። ያን ጊዜ ግማሽ መንገድ ተመለሱ።

በእኛ አገር ስለ ዮጋ ሲነሳ ቶሎ የሚመጣ ጥያቄ አለ፤ «ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ቀና ስንል እየዋልን ሌላ ጎንበስ ቀና ምን ይጨምርልናል?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን በነሐሴ ጤፍ ስናርም፣ በኅዳር ስናጭድ፣ ምጣድ ላይ ስንጋግር፣ ልብስ ስናጥብ ጎንበሱ ብዙ፣ ቀናው ጥቂት ነው። ወገብ ወደፊት ሺህ ጊዜ ይታጠፋል፤ ወደኋላ የሚዘረጋበት ጊዜ ግን የለም ማለት ይቻላል። በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቡና የምታፈላ እናት፣ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ የሚሸምን ሸማኔ፣ ባሕር ዳር ላይ ባጃጅ ሲነዳ የሚውል ወጣት፣ ደብረ ማርቆስ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ያቀረቀረ ሠራተኛ ሥራቸው ይለያይ እንጂ ሁሉም ጭናቸው ከሆዳቸው ጋር እንደታጠፈ ይውላሉ። ሥራ ጉልበት ይሰጣል። ሥራው የዘለለውን አቅጣጫ ግን አይመልስም። ዮጋ ለጀማሪ የሚጠቅመው በዋናነት እዚህ ላይ ነው።

ጥቅሙን ስናነሳ የተረጋገጠውን ካልተረጋገጠው መለየት ያስፈልጋል። በደንብ የተጠናው የቆየ የታችኛው ወገብ ሕመም ነው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ዮጋን ከመድኃኒት በፊት ሊሞከሩ ከሚገባቸው መንገዶች መካከል አስቀምጦታል። ጥናቶቹ ተደምረው ሲታዩ ለውጡ ከትንሽ እስከ መካከለኛ ነው፤ የሚለካውም ከ3 ወር ገደማ በኋላ እንጂ በሳምንት አይደለም። ከሌላ የወገብ ስፖርት ጋር ሲነጻጸርም ብልጫው እምብዛም ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያዘዘላችሁ እንቅስቃሴ ካለ እሱን ጥላችሁ ወደ ዮጋ እንድትሄዱ የሚያስገድድ ምክንያት የለም ማለት ነው። ረዘም አድርጎ ማስተንፈስ የልብን ምት ያረጋጋል፣ እንቅልፍ ለሚከብደው ሰው የማታውን ጭንቀት ያቀልላል። ዕድሜ ለገፋ ሰው ሚዛን መጠበቅን ያለማምዳል። የደም ግፊትን በመጠኑ ሊቀንስ ይችላል፤ የታዘዘ ኪኒን ግን አይተካም፣ ማንም በዚህ ሰበብ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ። «ሰውነትን ጠምዝዞ መርዝ ያወጣል» የሚባለው እውነት አይደለም፤ ያ የጉበትና የኩላሊት ሥራ ነው። ለማክሳትም ረጋ ያለ ዮጋ ደካማ መንገድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ይህን በእግር እየሄዱ ገበያ መውጣትና መመለስ ከዝግታ ዮጋ በተሻለ ይሞላዋል።

የእምነቱን ጥያቄ አድበስብሶ ማለፍ አይገባም፤ በጎጃም ብዙ ሰው የሚያሳስበው እሱ ነውና። ዮጋ ከሕንድ የመጣ ነው፣ ከሂንዱ መንፈሳዊ ትውፊትም ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግበው በሕንድ ስም ነበር፤ ውሳኔው የተላለፈውም አዲስ አበባ ላይ በተካሄደ ጉባኤ ነው። በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች «ኦም» እያሉ ማዜም፣ «ለፀሐይ ሰላምታ» የሚባል ተከታታይ እንቅስቃሴ፣ እጅ አጋጥሞ ሰላምታ መስጠት አለ። እዚህ የተጻፈው ውስጥ አንዱም የለም፣ ወገብና ትንፋሽ የሚያገኙት ጥቅምም በእነሱ አለመኖር አይጎድልም። ቢሆንም ልቡ ያልተቀበለው ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር መክሮ ይወስን። ኅሊናው እየከሰሰው የሚሠራ ሰው ትንፋሹ እንደማይረጋ እርግጠኛ ነኝ።

መጀመሪያ ጤና ጣቢያ መሄድ ያለበት ማነው

የወገብ ሕመሙ ወደ እግር ወርዶ የሚያደነዝዝ ወይም እግር የሚያዝል ከሆነ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካስቸገረ፣ ሌሊት የሚብስ ሆኖ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ከተጨመረበት ዮጋ አይጀመርም፣ ሐኪም ዘንድ ይኬዳል። የሳንባ ነቀርሳ አከርካሪን እንደሚይዝ ማወቅ ያስፈልጋል፤ በማሸትና በማሳሳብ የዘገየ ሕክምና ብዙ ያስከፍላል። ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ ያለበት ሰው ራስ ከልብ በታች የሚወርድበትን አቀማመጥ ሁሉ ይተው፤ የዓይን ውስጥ ግፊት ይጨምራል። ያልተቆጣጠሩት የደም ግፊት ያለበትም እንዲሁ፣ ከዚያም በላይ ትንፋሽ አይያዝ። አጥንቱ የሳሳ አረጋዊ ጀርባውን አጉብጦ ወደፊት አይታጠፍ። ነፍሰ ጡር ሴት ከአምስተኛው ወር ወዲህ በጀርባዋ ለረጅም ጊዜ አትተኛ፣ በሆዷ አትተኛ፣ ወገቧንም አጥብቃ አትጠምዝዝ።

ቦታና ዕቃ

ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር የሚሆን ደልዳላ ወለል ይበቃል፤ ጭስ ያለበት ማድቤት ግን አይሆንም። በሱቅ የሚሸጠው የዮጋ ምንጣፍ አብዛኛውን ጊዜ ወርዱ 60፣ ቁመቱ ከ170 እስከ 180 ሳንቲ ሜትር ነው። ውፍረቱ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ ለጀማሪ ጥሩ ነው። ከዚያ የወፈረው ለጉልበት ይመቻል፣ ቆሞ ሚዛን ለመጠበቅ ግን ያወላውላል። የስፖንጅ ፍራሽ ፈጽሞ አትጠቀሙ፤ መዳፍ ሲሰምጥ የእጅ አንጓ ወደኋላ ከመጠን በላይ ይታጠፋል፣ እየቆየም መታመም ይጀምራል።

ምንጣፉ ከሌለ የቤቱ ዕቃ ይበቃል። ብዙ ሰው ጋቢ አንጥፎ ይቆምበታል፤ ይህ አደገኛ ነው፣ በሲሚንቶና በሴራሚክ ላይ ይንሸራተታል። ቆማችሁ የምትሠሩትን በባዶ እግር በተጠረገ ወለል ላይ ሥሩ፤ ጋቢውን ለመተኛና ለጉልበት ማረፊያ አስቀምጡት። ከአራት ድርብ የተሠራ ጋቢ ታጥፎ ታጥፎ አንድ ስንዝር ሲወፍር ለመቀመጫና ለግንባር ከተገዛ ትራስ የተሻለ ነው፤ ልክ ይይዛል፣ አይሰምጥም። ነጠላ እግር መሳቢያ ገመድ ይሆናል። በርጩማ እጅ ወለል ላይ ለማይደርስለት ሰው መደገፊያ ነው፤ ሦስት እግር ያለው ሳይሆን አራት እግር ያለውና የማይነቃነቀው ይሁን። ቀጥ ያለ ዱላም አዘጋጁ፤ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው እሱ ነው፣ ወደ እሱ እንመጣለን።

ሆድ ባዶ ይሁን። እንጀራ ከተበላ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይቆይ። ጠጅ፣ ጠላ ወይም አረቄ የቀመሰ ሰው የዚያን ቀን ይተወው፤ ሚዛኑም የሕመም ስሜቱም ልክ አይሆኑም። ልብሱ ሰፊ ሱሪ፣ ወይም ከቀሚስ ሥር የሚለበስ ሱሪ ቢሆን ይበቃል።

ትንፋሽ

በጀርባ ተኝታችሁ ጉልበታችሁን እጠፉ፣ የእግራችሁ መዳፍ ወለሉን ይርገጥ። አንድ እጅ እምብርት ላይ፣ ሌላው ደረት ላይ ይረፍ። አፍ ዝጉና በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠራችሁ አስገቡ፣ እስከ 6 እየቆጠራችሁ አስወጡ። ቀድሞ መነሳት ያለበት የሆዱ እጅ ነው። የደረቱ እጅ ከቀደመ ትንፋሹ አጭር ነው፣ ትከሻና አንገትም ያለ ቦታቸው እየሠሩ ነው። በቆጠራው ላይ አትጨናነቁ። ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ናቸው። ከቆላ ወደ ደጋ የመጣ ሰው በመጀመሪያው ሰሞን 3 አስገብቶ 4 ቢያስወጣ ይበቃዋል። 

እዚህ ላይ የሚበላሸው አንድ ነገር ነው። ሰው «በደንብ ልተንፍስ» ብሎ ትልልቅ ትንፋሽ በፍጥነት ይስባል። ያን ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደም ውስጥ ከልክ በላይ ይወጣና ራስ ይዞራል፣ ከንፈርና ጣት ይነዝራል። ይህ «ኃይል እየገባ» አይደለም። ቆጠራውን ተዉና እንደ ልማዳችሁ ተንፍሱ፣ በአንድ ሁለት ደቂቃ ይመለሳል። 3 ደቂቃ ለመጀመሪያ በቂ ነው።

በዱላ ጎንበስ ማለት

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። ወገብ የሚጎዳው ጎንበስ በማለቱ ብቻ ሳይሆን፣ ዳሌ መታጠፍ ሲገባው ወገብ በዳሌ ምትክ ስለሚታጠፍ ነው። ወገብ ክብ ሲሆን ጫናው ከመቀመጫና ከጭን ትልልቅ ጡንቻዎች ወርዶ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ባሉት ዲስኮችና ጅማቶች ላይ ያርፋል። ያን ደግሞ ቀኑን ሙሉ መሸከም አይችሉም።

እግራችሁን በዳሌ ስፋት ከፍታችሁ ቁሙ። ዱላውን በጀርባችሁ ርዝመት አቁሙት፤ አንድ እጅ ከአንገት በስተኋላ፣ ሌላው ከወገብ በስተኋላ ይያዘው። ዱላው ሦስት ቦታ መንካት አለበት፦ የራስን ጀርባ፣ በሁለቱ ትከሻ መካከል ያለውን ጀርባ፣ ከመቀመጫ በላይ ያለውን አጥንት። በወገብ በኩል መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት ይኖራል፤ እሱ ልክ ነው። አሁን ጉልበት በመጠኑ ላላ ይበል። ትንፋሽ እያስወጣችሁ መቀመጫችሁን ወደኋላ ግፉ፤ ሁለት እጅ ሞልቶ ዕቃ የተሸከመ ሰው በመቀመጫው በር እንደሚዘጋው። ደረት በራሱ ይወርዳል። ከሦስቱ አንዱ ከዱላው ሲለይ የእናንተ ዳርቻ እዚያ ነው። አንድ ትንፋሽ ቆዩ፣ እያስገባችሁ ተመለሱ። 8 ጊዜ።

ብዙ ሰው በመጀመሪያው ቀን ወለሉን ከመንካት ይልቅ ግማሽ መንገድ ላይ እንደሚቆም ሲያይ ይገረማል። የጭን ጀርባ ጡንቻው አጭር ስለሆነ ነው። ወለል መንካት ግቡ አይደለም፤ ጀርባ አጉብጦ ጣት ወለል ላይ ማድረስ እንዲያውም የምንሸሸው ነገር ነው። መቀመጫችሁ ወደኋላ መሄዱን ካላወቃችሁ ከግድግዳ በአንድ ጫማ ርቀት ጀርባ ሰጥታችሁ ቁሙና ግድግዳውን በመቀመጫ ንኩ። ሲቀል ትንሽ ራቁ።

ይህ እንቅስቃሴ ከተለመደ በኋላ ዱላው ቤት ይቀራል፣ መታጠፊያው ግን እርሻ ላይ፣ ባልዲ ሲነሳ፣ እንጀራ ሲወጣ አብሮ ይሄዳል። አንድ ጥንቃቄ አለ። ከእንቅልፍ እንደተነሱ ዲስኮቹ ሌሊቱን ፈሳሽ ስበው ስለሚያብጡ ጀርባ ይገትራል። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ወደፊት አጥብቃችሁ አትታጠፉ።

ወለል ላይ

በእጅና በጉልበት ቁሙ፤ መዳፍ ከትከሻ ሥር፣ ጉልበት ከዳሌ ሥር። ጉልበት ሥር ጋቢ ይግባ። ጣቶቻችሁን በትኑና በሌባ ጣትና በአውራ ጣት ሥር ያለውን የመዳፍ ክፍል ወደ ወለል ተጫኑ። የእጅ አንጓ የሚታመመው ክብደቱ ሁሉ በመዳፍ ተረከዝ ላይ ሲወድቅ ነው። አየር እያስገባችሁ ሆድ ወደ ታች ይሂድ፣ ደረት ይከፈት፤ እያስወጣችሁ ጀርባ እንደ ተቆጣች ድመት ይጉበጥ። እንቅስቃሴው ከታች፣ ከጭራ አጥንት ይጀምር፣ አንገት መጨረሻ ይምጣ። አብዛኛው ጀማሪ አንገቱን ብቻ ያወዛውዛል። 8 ጊዜ በዝግታ። እንቅስቃሴው ሳያልቅ ትንፋሹ ካለቀ ፈጥናችኋል ማለት ሳይሆን በጣም ሰፋ አድርጋችኋል ማለት ነው፤ አሳንሱት።

ከዚያ አንድ እግር ወደፊት አውጥታችሁ ርገጡ፣ የኋላው ጉልበት ጋቢ ላይ ይቅር። የፊተኛው ጉልበት ከቁርጭምጭሚት በላይ ቀጥ ብሎ ይቁም። እጅ የፊተኛው ጭን ላይ ወይም በርጩማ ላይ ይረፍ። መቀመጫችሁን ወደ ታች ሰብስቡ፤ የኋላ እግራችሁ የፊት ጭን ሲሳብ ይሰማችኋል። ከተቀመጠበት የማይነሳ ሰው፣ ባጃጅና መኪና የሚነዳ ሰው ትልቁን እፎይታ የሚያገኘው ከዚህ ነው። መሳቡን ለማብዛት ብሎ ወገብን ወደፊት መለመጥ ስህተት ነው፤ ጭኑ ሳይሳብ ይቀራል፣ ወገቡ ይቆነጠራል። በየእግሩ 5 ትንፋሽ።

በሆድ ተኙ። መዳፍ ከደረት ጎን፣ ክርን ከጎን ጋር ተጠግቶ። አየር እያስገባችሁ ደረታችሁን ጥቂት ጣት ያህል ብቻ አንሡ፣ ዓይን ወለሉን ይይ። በሳንስክሪት «ቡጃንጋሳና» ይሉታል፤ እባብ ራሱን ሲያነሳ የሚመስል ስለሆነ ነው። ስህተቱ በክንድ ኃይል ገፍቶ ከፍ ማለት ነው፤ ጀርባ ሳይሠራ ወገብ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ይታጠፋል። ፈተናው ቀላል ነው። ተነሥታችሁ ሳለ መዳፋችሁን ከወለሉ ለአፍታ አላቅቁ። ሳትወድቁ የቀራችሁበት ከፍታ የራሳችሁ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው የክንድ ብድር ነው። 3 ትንፋሽ፣ 3 ጊዜ።

ወደ ጀርባ ተመለሱ። ጉልበት ታጥፎ ተረከዝ ከመቀመጫ አንድ ስንዝር ይራቅ። ትንፋሽ እያስወጣችሁ እግራችሁን ወደ ወለል ተጫኑና መቀመጫችሁን አንሡ፤ ይህ «ድልድይ» ይባላል። 5 ትንፋሽ ቆዩ፣ 3 ጊዜ ድገሙ። የጭን ጀርባ ከጨመደደ ተረከዙ ስለራቀ ነው፤ መቀመጫ ሊሠራው የሚገባውን ጭን ይዞታል፣ እግራችሁን ጠጋ አድርጉ። ጉልበት ወደ ጎን ከተከፈተ የታጠፈ ነጠላ በጉልበት መካከል አስገብታችሁ ያዙ።

እንዲሁ ተኝታችሁ ነጠላውን በአንድ እግር መዳፍ ላይ አውሉና ሁለቱን ጫፍ ይዛችሁ እግሩን ወደ ጣሪያ አንሡ። ጉልበቱ ቀጥ ካላለ ይታጠፍ። የሚሳበው የጭን ጀርባ መሐል ሊሆን ይገባል፤ መሳቡ ከጉልበት ጀርባ ወይም ከመቀመጫ አጥንት ላይ ከተሰማ ጅማት እየተጎተተ ነው፣ ላላ አድርጉ። እስከ እግር ጣት የሚነዝር ነገር ከመጣ ነርቭ ነውና ወዲያው ተዉት። በየእግሩ 6 ትንፋሽ።

«ውሻ ሲንጠራራ» የሚመስለውን፣ በፎቶ ሁሉ የሚታየውን አቀማመጥ ጀማሪ በመጀመሪያው ቀን ይሞክረዋል። አይቸኩል። መጀመሪያ መዳፍን በዳሌ ቁመት ግድግዳ ላይ አድርጎ ወደኋላ እየተራመዱ ወገብን መዘርጋት፤ ሲለምድ በጠንካራ ጠረጴዛ ጫፍ፤ ከአንድ ወር በኋላ ወለል ላይ። ወለል ላይ ሲወርድም ጉልበት ታጥፎ ጀርባ ይርዘም። ተረከዝ ወለል ነካ አልነካ ምንም አይደለም። ተረከዝን በግድ ያወረደ ሰው ጀርባውን ያጎብጣል፣ ክብደቱን ትከሻው ላይ ይጥላል።

መጨረሻው ዕረፍት ነው። በጀርባ ተኝቶ እግርን ላላ አድርጎ፣ መዳፍን ወደ ላይ አዙሮ 5 ደቂቃ። ላብ ያደረቀ ሰውነት በደጋው ቶሎ ይበርደዋልና ጋቢ ይደረብ። ቆሞ የዋለ መምህር፣ ቅዳሴና ማኅሌት ቆሞ ያደረ ካህንና ደብተራ በዚህ ምትክ መቀመጫውን ወደ ግድግዳ አስጠግቶ እግሩን ግድግዳው ላይ ቢሰቅል እግር ላይ የተጠራቀመው ክብደት ይቀለዋል፤ ከላይ ስለ ግላኮማና ስለ ግፊት የተባለው እንደተጠበቀ ነው። ስትነሡ በቀጥታ አትቀመጡ። በቀኝ ጎን ተገልበጡ፣ ሦስት ትንፋሽ ቆዩ፣ በእጅ ገፍታችሁ ተነሡ፣ ራስ መጨረሻ ይምጣ።

መጠኑና ወቅቱ

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ትንፋሹን፣ ዱላውን፣ የድመቱንና ዕረፍቱን ብቻ ሥሩ፤ 12 ደቂቃ አይሞላም። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት የጭኑን፣ የደረቱንና የድልድዩን ጨምሩ። ከአምስተኛው ጀምሮ ሁሉም ተደምሮ 25 ደቂቃ ይሆናል። በሳምንት 4 ቀን ይበቃል። እሑድ አንድ ሰዓት ተኩል ሠርቶ ሌላውን ቀን ከሚተው ሰው ይልቅ በየቀኑ 10 ደቂቃ የሚሠራው ቶሎ እንደሚለወጥ ማንም ቢሞክረው ያየዋል። ጡንቻ ላይ የተበተነ፣ በማግሥቱ የሚሰማና በሁለት ቀን የሚጠፋ ሕመም የተለመደ ነው። መገጣጠሚያ ላይ በአንድ ጣት የሚጠቆም፣ የሚወጋ ሕመም ግን የተለመደ አይደለም፤ ያን ያመጣውን እንቅስቃሴ ለሳምንት አውጡት፣ ሲመለስ በግማሽ ልክ ይመለስ።

በአጨዳና በአረም ሰሞን የሥራው ጎንበስ ስለሚበቃ ማታ የሚሠራው ደረት ማንሣቱ፣ ድልድዩና የጭኑ መሳብ ብቻ ይሁን፤ በነጠላ እግር መሳቡን እንኳ ተዉት። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ የደጋው ውርጭ ጡንቻን ይገትራል። 5 ደቂቃ ግቢ ውስጥ ፈጠን ብላችሁ ተራመዱ፣ ወይም ሥራውን ወደ ማታ 12 ሰዓት አዛውሩት።

በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ከቀትር በኋላ ውሃ ጥሙ ስለሚበረታ ያን ጊዜ አይሥራ። ጠዋት ትንፋሹና የድመቱ ይበቃዋል፣ ረዘም ያለውን ምግብ ከተበላ ከ3 ሰዓት በኋላ ያድርገው። ብዙ በተሰገደበት ቀን ጉልበትና የእጅ አንጓ ድርሻቸውን ወስደዋልና በእጅና በጉልበት የሚሠራውን ዘልሎ ዕረፍቱን ማስረዘም ነው።

ቪዲዮ እያዩ ለሚለማመዱ አንድ ምክር አለኝ። በስልክ የሚገኘው አብዛኛው ለለመደ ሰው የተሠራ ነው፤ አንዱ አቀማመጥ ሳያልቅ ሌላው ይመጣል። ተከትላችሁ አትሩጡ። ከአንድ ቪዲዮ አንድ እንቅስቃሴ ብቻ ምረጡ፣ ስልኩን አጥፉና ሥሩ። ከዚያ በዚያው ስልክ ራሳችሁን ከጎን ቅረጹ። ዱላውን ይዛችሁ ሦስቱን ቦታ ነክታችኋል ብላችሁ ያሰባችሁት ከጎን ሲታይ ብዙ ጊዜ ሌላ ነው፤ አስተማሪ በሌለበት ቦታ ከዚህ የሚበልጥ አራሚ የለም።

በሐዘን፣ በሠርግ ወይም በመኸር ሁለት ሳምንት ከተቋረጠ ካቆማችሁበት አትቀጥሉ። ወደ መጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ልክ ተመለሱ፣ 3 ቀን በዚያ ቆዩ፣ ዱላው በፊት የነበራችሁበት ጥልቀት ላይ ሦስቱንም ቦታ ሲነካ የቀረውን ጨምሩ።